ያጨበጨብነው ለሽኝትዎ ነበር

ካምፓላ፣ ግንቦት 2014 ዓ.ም.

ለክብርት ወ/ሮ አለምዘውድ መሸሻ
የክልልዎ ምክር ቤት አባል፣ የክልሉ የዳያስፖራ ጉዳዮች ቢሮ ምክትል ኃላፊ፣ በካምፓላ የኢትዮጵያውያን መረዳጃ ማኅበር ደግሞ የቀድሞ ሊቀመንበር («የቀድሞ» የምትለዋ ቃል ካላስቀየመችዎ)
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ለክቡር ጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቢሮው፣ ሾፌሩ፣ አጃቢው፣ ስልክ አንሺዋ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን፤ ደኅና አይደለንም ብንል እንኳ እርስዎ በቴሌቪዥን ወጥተው «ደኅና ናቸው፣ ደስተኞች ናቸው» ስለሚሉልን፣ መልሱን ለእርስዎ መተው ሳይሻል አይቀርም።

የምጽፍልዎ እኔ ምሥራቅ ነኝ። በሥራ ብዛት ረስተውኝ ከሆነ ላስታውስዎ፤ በማኅበራችን ውስጥ እርስዎ ሊቀመንበር ሳሉ ምክትልዎ የነበርኩት፣ ስብሰባ ሲያረፍዱ «መንገድ ተዘግቶባት ነው» እያልኩ የዋሸሁልዎ፣ ሰው ሲያኮርፍዎ ቤቱ ድረስ ሄጄ ያስታረቅሁልዎ ነኝ። በአደባባይ የምጽፈው በስውር የጻፍኩት ሁሉ መልስ ስላጣ ነው። ዋትስአፕ ላይ ሁለቱ ሰማያዊ ጭረቶች ስለሚታዩኝ ማንበብዎን አውቃለሁ፤ ስላነበቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ልንገረው። ከቡጎሎቢ ገበያ ጀርባ አንድ ቤት አለን። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሳሎኑ የሚያፈስ፣ የግቢው በር ሲከፈት የሚጮህ፣ የሚያስቀና ነገር የሌለው ቤት ነው። የካምፓላ ኢትዮጵያዊ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ በመዋጮ የገዛው ነው። ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው፤ ከአገር ቤት ሞት ሲሰማ መርዶ የምናረዳው እዚያ ነው፤ ዘመድ የሌላት ወላድ የምትታረሰው እዚያ ነው፤ ልጆቻችንም ፊደል የሚቆጥሩት እዚያው ነው። በጓሮው ክፍል ሲቲና ትኖራለች። ባሏ የጁባ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ መንገድ ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የምትጠብቀው፣ ለቀስተኛውን የምታበላው፣ አራሷን የምታጥበው እሷ ናት፤ ከዚያ ክፍል ሌላ መግቢያ የላትም። ባለፈው ሰኞ ከቢሮዎ አንድ በጣም ትሑት ሰው ደወለና፣ ቤቱ የክልሉ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ስለሚሆን እስከ ቅዳሜ ዕቃዋን እንድታነሳ ነገራት። ቅዳሜ እርስዎ ራስዎ ሪባን ሊቆርጡ ይመጣሉ ተብሏል።

ሲቲና ምን እንዳለች ያውቃሉ? እትዬ አለምዘውድ ይህን አልሰሙም፣ ሰው በስማቸው እየነገደ ነው አለች። ሰኞም አለች፣ ማክሰኞም አለች፣ ዛሬም ያንኑ እያለች ለእርስዎ ትሟገታለች። እኔ ግን እንደ እሷ የዋህ አይደለሁም። ባለቤቴ ኪሩ እንደሚለው፣ መንገድ ዳር ሮሌክስ ስገዛ እንኳ በቻፓቲው ቂጣ የተጠቀለለው እንቁላል ሁለት መሆኑን ሳላይ ሒሳብ የማልከፍል ሴት ነኝ። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥርጣሬዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ፤ ተሳስቼ ከሆነ ያርሙኝ፤ ብሳሳት ደስታዬ ወሰን የለውም።

አንደኛ፣ ስለ ፎቶግራፎቹ።

መጋቢት 2012 ላይ ዩጋንዳ በኮሮና ምክንያት ስትዘጋ፣ ታክሲ የለ፣ የግል መኪና የለ፣ ቦዳ የሚሉት ሞተርም ዕቃ እንጂ ሰው እንዳይጭን ሲታዘዝ፣ የስንቱ ወገናችን ቤት ጦሙን እንዳደረ አይረሱትም። ያን ጊዜ የኪኩቦ ገበያው ነጋዴ ጣሂር መጋዘኑን ከፍቶ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ዱቄትና ባቄላ አወጣ፤ ሲቲና በዚያች ጠባብ ማጀት እያበሰለች በቦዳ ላከች። እርስዎም ሐቁን ልናገርና ሮጠዋል፤ እግርዎ እስኪያብጥ ሮጠዋል፤ እኔ ምስክር ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ያን ጊዜም አልጥም ብሎኝ ነበር። ድስቱ ሲወጣ ፎቶ፣ ዱቄቱ ሲጫን ፎቶ፣ አንዲት እናት ስታለቅስ ፎቶ። ለማስታወሻ ነው ሲሉን፣ እሺ ለማስታወሻ ነው አልን። ማን ምን እንዲያስታውስ እንደሆነ ግን አልጠየቅንም።

አሁን ገባኝ። የሕይወት ታሪክዎ በቢሮው የፌስቡክ ገጽ ላይ ሲወጣ፣ በካምፓላ የሚኖረውን ወገን ከረሃብ «በግል ጥረታቸው» እንደታደጉት ተጽፏል። ጣሂር የለም፤ ሲቲና የለችም፤ ድስቷ ግን በፎቶው ላይ አለች። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ቦታው ነው። እዚህ አገር ፌስቡክ ከዩጋንዳ ምርጫ ሰሞን ጀምሮ እንደተዘጋ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ያለ ቪፒኤን አይከፈትም። ስለ ካምፓላ የሚጻፈው ሁሉ ካምፓላ በማትደርስበት ቦታ መጻፉ በአጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ደክሜያለሁ። ጣሂር በስልኩ ከፍቶ ሲያሳየኝ እንኳ አልተቆጣም፤ ሳቅ ብሎ «አለምዘውድ ፎቶው ላይ ደምቃለች» ብቻ ነው ያለው። እኔ ነኝ በእሱ ፈንታ የተቆጣሁት።

ሁለተኛ፣ ስለ ክብርት እናትዎ ጤና።

በጥር 2013 እናትዎ በጠና ታመው አልጋ እንደያዙና ሊያስታምሙ አገር ቤት እንደሚገቡ ሲነግሩን፣ ያላዘነ አልነበረም። ክርስቲያኖቹ ስለት ተሳልን፤ ሲቲና ጓደኞቿን ሰብስባ ዱዓ አስደረገች። ጸሎታችን እንዲህ ፈጥኖ ይሰማል ብለን ግን አልጠበቅንም ነበር። በግንቦት፣ በምርጫ ቅስቀሳዎ ቪዲዮ ላይ፣ እናትዎን መድረክ ላይ ነጭ በነጭ ለብሰው እስክስታ ሲመቱ አየናቸው። ዕድሜያቸውን ያርዝመው፤ ትከሻቸው የእኔን ያስንቃል። ሲቲና «አልሐምዱሊላህ፣ ዳኑ!» ብላ እልል አለች። እኔ ደግሞ፣ የምርጫ ዕጩዎች ምዝገባ የነበረበት ወቅትና የእናትዎ ሕመም የጀመረበት ወቅት ጎን ለጎን መሆናቸውን አስቤ እልልታውን ለእሷ ተውኩት። ልወዳደር ነው ቢሉን ኖሮ ምን እናደርግዎ ነበር? ደስ ብሎን አዋጥተን እንልክዎ ነበር እኮ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሽኝቱ። ይህኛው ይረዝማል፤ ይታገሡኝ።

የሽኝት ዝግጅትዎ በየካቲት ወር፣ በሰዓት እላፊው ምክንያት በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያው ቤት ሳሎን ተደረገ። ሁላችንም አንድ ነገር ሆዳችን ውስጥ ነበረን። ቤቱ በሕግ የሚያዘው በሰው ስም ነው በመባሉ በሊቀመንበሯ፣ ማለትም በእርስዎ ስም ተይዟል፤ ሊቀመንበሯ ስትሄድ ስሙ ወደ ተተኪው መዛወር አለበት። ይህን የማያውቅ ሰው በዚያ ሳሎን አልነበረም፤ የሚጠይቅ ሰውም አልነበረም። እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? እናቷን ልታስታምም የተነሳችን ሴት፣ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ «ሂጂ፣ ግን ቤቱን አስረክቢ» ይባላል? ባህላችን ነው? እኔ ለኪሩ አንተ ጠይቃት አልኩት፤ ኪሩ ለጣሂር አንተ ትልቅ ሰው ነህ አለው፤ ጣሂር ለሴት ሴት ይሻላል ብሎ ወደኔ መለሰው። በመጨረሻ ተነሳሁ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። እርስዎም ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ምን ሆንኩ? የስጦታውን ካባ አንስቼ አለበስኩዎት! ስለ ቤቱ ስም ልጠይቅ ተነስቼ፣ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ካባ አስያዘኝ።

እርስዎ ደግሞ ንግግር አደረጉ። ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ካምፓላ ሁለተኛ ቤትዎ እንደሆነች፣ ፖርት ቤል ሄደን የበላነውን ዓሣ እንደማይረሱት፣ በመጨረሻም ይህ ቤት «ለክልላችን ሕዝብ ሁሉ በሩ የተከፈተ እንዲሆን» እንደሚመኙ። አጨበጨብን። ቆመን አጨበጨብን። ክብርት ሆይ፣ እርስዎ ከኛው መሃል የወጡ ሰው ስለሆኑ ይህን ማስረዳት አልነበረብኝም፤ እኛ የምናጨበጭበው ለንግግሩ ይዘት ሳይሆን ንግግሩ ስላለቀ ነው። ምግቡ እየቀዘቀዘ ነበር። ስብሰባ ላይ ያጨበጨብንበትን ሁሉ ብንሰጥ ኖሮ ዛሬ የለበስነው ልብስ እንኳ የራሳችን ባልሆነ።

አራተኛ፣ ስለ ዜናው።

በዚህ ወር የክልሉ ቴሌቪዥን ያንኑ ጭብጨባ አሳየ። በዩጋንዳ የሚኖሩ የክልሉ ተወላጆች በክብርት ወ/ሮ አለምዘውድ አመራር ተነሳስተው ቤታቸውን ለክልሉ መንግሥት በደስታ አበረከቱ ይላል። እኔም በግልጽ እታያለሁ፤ ጭምብሌ አገጬ ሥር ወርዶ፣ ጉንጬ በምግብ ተሞልቶ፣ ቤቴን ለመንግሥት እየሰጠሁ። የምስሉን ጥራት ሳላደንቅ አላልፍም። ለመሆኑ ከኛ መሃል የክልሉ ተወላጅ ስንቱ ነው? ጣሂር የወሎ፣ ሲቲና የጅማ፣ ኪሩ የአዲስ አበባ። ሁላችንንም በአንድ ጊዜ የአንድ ክልል ተወላጅ ስላደረጉን እናመሰግናለን፤ አዋላጅ እንኳ ይህን አትችልም።

ጥርጣሬዬን ደግሞ አልደብቅዎም። ሽኝቱን የቀረጸው ሰው በሰርግና በልደት የምናውቀው አልነበረም፤ ማን እንደጠራው እስከዛሬ አልታወቀም። ካሜራው ከእርስዎ ፊት ይልቅ የኛን እጅ ይከታተል ነበር። ያን ጊዜ አዲስ ስልት መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ እርስዎ ሹመቱን ያገኙት በጥቅምት ነው፤ ለሹመቱ የሚሆነውን ስጦታ ግን በየካቲት አስቀርጸው ይዘውት እንደሄዱ ጠረጠርኩ። የተሳሳትኩ እንደሆነ ይንገሩኝ፤ የቀራጩን ስም ብቻ ቢልኩልኝ ይበቃኛል።

አምስተኛ፣ የወንዶቹ ሳቅ።

ለምክር ቤት መመረጥዎን በሰማንበት ቀን የማኅበሩ ሴቶች እልልታ ቡጎሎቢን አደንቁሯል። ኪሩና ጓደኞቹ ቢራቸውን ይዘው «ማን ይዟት ነው እንዲህ የወጣችው» ሲሉ፣ ቱግ ብዬ የተነሳሁት እኔ ነበርኩ። በችሎታዋ ነው አልኩ፤ ስብሰባ ስትመራ አይታችኋል፣ በኮሮና ጊዜ አይታችኋል፣ እናንተ ቤት ተኝታችሁ እሷ ስትሮጥ ነበር አልኩ። ባሌን ለሳምንት አኮረፍኩት። አሁን ዜናው ከወጣ ወዲህ እነዚያው ወንዶች ሲያዩኝ ፈገግ ብቻ ይላሉ። ከእኛ አንዷ ከፍ አለች ብዬ የኮራሁትን ኩራት እርስዎ ወደ ሞኝነት ለወጡብኝ። ይህ አናዶኛል፤ በጣም አናዶኛል። እርስዎ የሠሩትን ነገር ነገ ሌላ ሴት ለኃላፊነት ስትታጭ በእሷ ላይ ያወሩባታል፤ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ምን ብዬ እንደምመልስ አላውቅም።

ስድስተኛ።

ይህን ልተወው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ። እናቴ አዲስ አበባ ያረፈችው በዚያው በመዘጋቱ ወቅት ነው። የኤንቴቤ አየር ማረፊያ ዝግ ነበር፤ ልቀብራት አልቻልኩም። መርዶዬን በዚያ ሳሎን አረዳችሁኝ፤ ፍራሹ ላይ ስወድቅ የያዝሽኝ አንቺ ነበርሽ። ይቅርታ፣ እርስዎ ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲበተን ቀርተው ከጎኔ ተኙ፤ ሌሊቱን ስለ እናቴ ሳወራ ሰሙኝ፤ ጠዋት ፊቴን አጠቡኝ። ከዚያ ወዲህ እህት የለኝም ብዬ አላውቅም ነበር። ዜናውን ካየሁ በኋላ ግን አንድ ክፉ ሐሳብ ገብቶብኝ አልወጣ አለኝ፤ ያን ሌሊት ከጎኔ የተኙት አዝነውልኝ ነበር ወይስ ያኔውኑ ድምፅ እየሰበሰቡ ነበር? ቤቱን ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሕጉ በስምዎ ነው። ያን ሌሊት እንድጠራጠረው ማድረግዎ ግን ከቤቱ ይብሳል። ስለዚህኛው ምስጋና የለኝም።

እንግዲህ ልመናዬ አጭር ነው። ቅዳሜ ሲመጡ እንደ እንግዳ ደንብ እንቀበልዎታለን። ያው ካሜራ ይምጣ፤ ቀራጩም ይምጣ፤ ስሙን እግረ መንገዳችንን እንጠይቀዋለን። ሪባኑን ከመቁረጥዎ በፊት፣ የሽኝትዎ ዕለት አፍረን የዋጥነውን ጥያቄ በሁሉ ፊት እናቀርባለን፤ የቤቱን ስም ለአዲሱ ኮሚቴ ያዛውሩልን፣ ሲቲናንም በቤቷ ይተዉልን። እሺ ካሉ፣ እንደ ልማዳችን ሳይሆን ከልባችን እናጨበጭባለን። እምቢ ካሉ ደግሞ ንግግርዎን እስከመጨረሻው በጸጥታ እንሰማለን፤ ሲጨርሱም ጸጥታችንን እንቀጥላለን። ለዜናው የሚሆን ድምፅ ከሌላ ቦታ መዋስ ሊኖርብዎት ነው፤ አስቀድሜ ያሳወቅሁዎ ለሥራዎ ከማሰብ ነው።

ወንበርዎ ይጽና፤ ከወንበርዎ የሚያዩት ደግሞ ይብራልዎ። አክብሮቴ እንደ ድሮው ነው፤ ጥርጣሬዬ ግን እንቅልፍ አጥቷል። በርዎን፣ ምን ነካኝ፣ በራችንን ከፍታ የምትጠብቅዎ፣

የቀድሞ ምክትልዎ፣ የአሁን ተጠራጣሪዎ
ምሥራቅ ኃይለልዑል
ቡጎሎቢ፣ ካምፓላ

ተጨማሪ፦ ይህን ጽፌ ለመላክ ስዘጋጅ ነገር ተለወጠ። ትናንት ማታ ከጅማ ለጣሂር ተደወለ፤ የሲቲና ታላቅ ወንድም፣ አባት ሆኖ ያሳደጋት፣ አርፏል። ዛሬ ሲነጋ ተሰብስበን ሄድን። በሩን ስትከፍት ዕቃዋን በካርቶን እያሰረች ነበር፤ ሁላችንንም በአንድ ላይ ስታየን ቤቱን ልናስለቅቃት የመጣን መሰላት። «እየወጣሁ ነው፣ ትንሽ ታገሱኝ» አለችን። ከዚያ ጣሂር ነገራት። ያን ጩኸት ልጽፈው አልችልም።

አሁን ሳሎኑ ፍራሽ ተነጥፎበታል፤ ከኪኩቦ ምንጣፍ መጥቷል፤ ካርቶኖቹን ፈትተን ዕቃዋን ወደ ቦታው መልሰናል። ለቅሶው የውሸት መስሎ ከታየዎት አይፈረድብዎትም፤ ጅማ ሰው ልከው ያረጋግጡ። ቅዳሜ ሲመጡ መቀሱን መኪና ውስጥ ይተዉና፣ ጫማዎን አውልቀው፣ አንገትዎን ደፍተው ይግቡ፤ ለቅሶ የተቀመጠችን ሴት ከቤት ማስወጣት እንደማይቻል እንኳን እርስዎ፣ ቢሮዎም ያውቀዋል።

ሲቲና ግን በእንባዋ መሃል አንድ ነገር ለመነችን። በእኛ ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው፣ ከቅዳሜ በፊት እናንሳው፣ እትዬ አለምዘውድ በእንግዶቻቸው ፊት እንዳያፍሩ አለች። እሺ አላልናትም። እኛ ክርስቲያኖቹም አብረናት ተቀምጠናል፤ እኛ ደግሞ አርባ አለን፣ ሰማንያ አለን፣ ሙት ዓመትም አለን።